ብሊችቢት ለቋንቋ ፋይሎች፦ ይሠራል፣ ግን አፕዴት ያፈርሰዋል

የሊኑክስ ዓይነት በሆነው ዴቢያን ላይ አንድ ፕሮግራም ሲጫን የጃፓንኛውም የፖላንድኛውም ትርጉም አብሮት ይገባል። ዲስኩ 32 ጊጋባይት ብቻ ለሆነ ላፕቶፕ ይህ ከንቱ ሸክም ነው። ነጻው የዲስክ ማጽጃ ፕሮግራም ብሊችቢት በሊኑክስ ላይ ይህን ሸክም ያቀላል፤ የዊንዶውሱ ቅጂ ግን ይህ አማራጭ የለውም።

መጀመሪያ በአስተዳዳሪ መብት የሚከፈተውን ብሊችቢት ምረጡ፤ በተራ መብት ከተከፈተ የሲስተም ፋይሎችን መሰረዝ አይችልም። ቀጥሎ «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ላንጉጅስ» የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ የምታስቀሯቸው ቋንቋዎች ላይ ምልክት አድርጉ። አማርኛና እንግሊዝኛ ላይ የግድ ምልክት ይደረግ፤ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚጠቀም ቤተሰብ ካለም እነሱን ጨምሩ። ከዚያ «ሲስተም» ከሚለው ሥር «ሎካላይዜሽንስ» የሚለውን ብቻ ምረጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ራሱ «ሲስተም» ላይ ምልክት ከተደረገ ከሥሩ ያለው ሁሉ አብሮ ይመረጣል። ከነዚህ አንዱ ባዶውን የዲስክ ቦታ በሙሉ እየጻፈ የሚሸፍን ሥራ ስለሆነ ረጅም ሰዓት ይፈጃል፣ ዲስኩንም ያለ ጥቅም ያደክማል። ስለዚህ «ክሊን» ከመጫን በፊት «ፕሪቪው»ን ተጭናችሁ የሚሰረዘውን ዝርዝርና የሚገኘውን ቦታ ተመልከቱ።

የትርጉም ፋይል ቢሰረዝ ፕሮግራሙ አይሞትም። ትርጉሙን ሲያጣ በምንጭ ኮዱ ውስጥ የተጻፈውን ቃል ያሳያል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። የግዕዝ ፊደል ፎንቶችና የአማርኛ ኪቦርድ የሚቀመጡት ሌላ ቦታ ስለሆነ በአማርኛ መጻፍም አይቋረጥም።

ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ ላይ ትርፉ ያንሳል፤ የዋናው የፕሮግራም ማከማቻ ትርጉሞች በቋንቋ ጥቅል ተለይተው ስለሚመጡ የማይፈለገውን ጥቅል አፕት በሚባለው የጥቅል ማስተዳደሪያ ማንሳት ይሻላል። ስናፕ የሚባሉት ለብቻቸው የታሸጉ የፕሮግራም ጥቅሎች ውስጥ ያለውንም ብሊችቢት አይነካም፤ ለንባብ ብቻ የተዘጋጁ ናቸው።

ዋናው ድክመቱ የማይዘልቅ መሆኑ ነው። ጥቅሉ አፕዴት በተደረገ ቁጥር የተሰረዙት ፋይሎች ተመልሰው ይመጣሉ። ዴቢያን ላይ ዘላቂ መፍትሔ የሚፈልግ ሎኬልፐርጅ የተባለውን ፕሮግራም ይጫን፤ ሲጫን የሚቀሩትን ቋንቋዎች ጠይቆ፣ ከዴቢያን ጥቅል ጫኝ ከዲፒኬጂ ጋር እንዲሠራ ከተፈቀደለት ሌሎቹ ከነጭራሹ ዲስክ ላይ እንዳይወርዱ ያግዳል። የተሰረዘ ትርጉም ካስፈለገ በመጀመሪያ ቋንቋውን ከሚቀሩት ጋር መመዝገብ፣ ከዚያ ያንኑ ጥቅል እንደገና መጫን ይበቃል።