ንጉሥና ወታደር ብቻ የሚያስተምረው የቼዝ አፕ፦ ሁለት ወር ሞከርኩት

አንድ ወታደር በልጬ አቻ መውጣት ሲሰለቸኝ ነው ያወረድኩት። የጨዋታ አጀማመር (መክፈቻ) አያስተምርም፣ ጌጥ የለውም። ሁለት ንጉሥ፣ ጥቂት ወታደር፣ አለቀ።

የወደድኩት ቁልፍ ካሬዎችን በቀለም ማሳየቱን ነው። ወታደራችሁ ኢ4 ላይ (ካሬዎቹ በፊደልና በቁጥር ነው የሚጠሩት) ቆሞ ንጉሣችሁ ዲ6ን፣ ኢ6ን ወይም ኤፍ6ን ከያዘ፣ ተቃራኒው ንጉሡ ብቻ እስከቀረው ድረስ፣ ተራው የማንም ይሁን የማን ታሸንፋላችሁ። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ወታደሩን እየገፋሁ ንጉሡን ከኋላ ሳስጎትት ኖሬያለሁ! ኦፖዚሽንም የገባኝ እዚህ ነው፤ ሁለቱ ንጉሦች በመሃላቸው አንድ ካሬ ትተው ሲፋጠጡ መንቀሳቀስ ያለበት ሰው ነው መንገድ የሚለቀው። የቼዝ ሊቁ ሪቻርድ ሬቲ በ1921 የሠራው ዝነኛ አቀማመጥም አለ። ነጩ ንጉሥ የጥቁሩ ወታደር ላይ በጭራሽ የሚደርስ አይመስልም፣ ግን በሰያፍ እየሄደ አንድ እርምጃ ለሁለት ሥራ ያውላትና አቻ ይወጣል። ሦስቴ ደጋግሜ አየሁት።

የሚያናድደው፣ ስትሳሳቱ ቀይ መብራት ብቻ ያበራል፣ ለምን እንደተሳሳታችሁ አይነግርም። የዳር ወታደር ክፍሉም ጭራሽ ስስ ነው። ተከላካዩ ንጉሥ ከወታደሩ ፊት ያለውን ጥግ ከያዘ አቻ መሆኑን በሁለት ልምምድ ብቻ ያልፈዋል፣ እኔ ደግሞ ነጥብ የምጥለው እዚያው ላይ ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ አውርዱት። ሰዓት ቆጣሪውን ግን መጀመሪያ አጥፉት፣ እሱ እየሮጠ ካሬ መቁጠር አይቻልም።