4,300 ዶላር የተባልኩት ሆድ ስንት ፈጀ?

ሦስት ልጆች ወልጃለሁ፣ ሦስቱንም በኦፕራሲዮን። ከሦስተኛዋ በኋላ ሆዴ ወደ ቦታው አልመለስ አለ። ስፖርቱን ሞከርኩ። ጾሙንም አልተውኩም፤ ሁዳዴ ሲያልቅ ፊቴ ይከሳል፣ ሆዴ ግን እዚያው ነው። ቲክቶክ ላይ የሚሸጠውን ሻይም ጠጥቻለሁ፣ እሱ እንኳ ሽንት ቤት ከማመላለስ በቀር የፈየደው የለም። እናቴ እስከ ዛሬ «አራስ ሳለሽ መቀነትሽን ጠበቅ አድርገሽ ብታስሪ ኖሮ» ትላለች። ሐኪሜ ግን በአንድ ደቂቃ አስረዳችኝ። በእርግዝና ጊዜ የሆድ ጡንቻ መሀል ለመሀል ይከፈታል፣ አንዳንዴ ተመልሶ አይገጥምም፣ የተለጠጠ ቆዳ ደግሞ በስፖርት አይሰበሰብም። ታሚ ታክ የሚሉት ኦፕራሲዮን ትርፉን ቆዳ ቆርጦ ጡንቻውን መልሶ ይሰፋል።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ያማከርኩት ሐኪም ማደንዘዣውንም ክፍሉንም ጨምሮ 13,800 ዶላር አለኝ። ኢንሹራንሴ ለውበት አይከፍልም። በዚያው ሳምንት አንድ የኢስታንቡል «ክሊኒክ» በዋትሳፕ 4,300 አለኝ። ኦፕራሲዮኑ፣ አንድ ሌሊት ሆስፒታል፣ አምስት ሌሊት ሆቴል፣ ከኤርፖርት የሚያመላልስ መኪና፣ አስተርጓሚ፣ ሁሉም በዚያ ውስጥ። ልዩነቱ 9,500 ዶላር ነው። እኔ ዴይኬር ነው የምሠራው፣ ይህ ገንዘብ ለእኔ ቀልድ አይደለም። ስማቸውን አልጠራም። ከሌሎች ሦስት ጋርም ተጻጽፌ ነበር፣ አነጋገራቸው እንኳ አንድ ነው።

ከዚያ «ክሊኒክ» የምታነጋግረኝ ልጅ ሌሊት 7 ሰዓት ብጽፍላት በሁለት ደቂቃ ትመልሳለች። ሦስት ፎቶ ላኪ አለችኝ፣ ላክሁ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ውዴ፣ ተስማሚ ነሽ» ተባልኩ። ማን አይቶት? ሐኪሙ ነው አለች። የሜሪላንዱ እኮ 40 ደቂቃ ነው ያስቀመጠኝ። የደም ማነስ አለብሽ ወይ፣ የወሊድ መከላከያ ክኒን ትወስጃለሽ ወይ፣ ከቤተሰብ ደም የረጋበት አለ ወይ፣ ሲጋራ ታጨሻለሽ ወይ። «ሺሻስ?» ሲለኝ ሳቄ መጣ፣ ግን ምክንያት አለው። ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠብባል፣ የተሰፋው ቆዳ ደም ካላገኘ ይሞታል፣ ስለዚህ ሳምንታት ቀደም ብሎ መተው አለበት። ከኢስታንቡል የተጠየቅሁት ኪሎዬንና መቼ እንደምከፍል ብቻ ነው።

ከመክፈሌ በፊት ሁለት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ሳነብ አደርኩ፣ ምነው ባላነበብኩ ያልኩበትም ጊዜ አለ። የአሜሪካው የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ተቋም፣ ሲዲሲ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2022 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለውበት ኦፕራሲዮን ሄደው የሞቱ 93 አሜሪካውያን መዝግቧል። ምክንያታቸው ተለይቶ በታወቀው ሞቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ስብ ወይም የረጋ ደም ወደ ሳንባ መሄዱ ነው። በ2023 ማታሞሮስ፣ ሜክሲኮ፣ ጀርባቸው ላይ ማደንዘዣ የተወጉ ሰዎች የአንጎል ሽፋን በፈንገስ ተመርዞ የሞቱ አሉ፣ ሁለት ክሊኒኮችም ተዘጉ። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ በዚያው ዓመት ቱርክ ውስጥ ከሕክምና በኋላ የሞቱ 6 ዜጎቹን እንደሚያውቅ ለመንገደኞች አስታውቋል። ገንዘብ ያድናል የሚል ካለ፣ ስቴላ ኦባሳንጆ የናይጄሪያ ቀዳማዊት እመቤት ነበረች። በ2005 ማርቤያ፣ ስፔን፣ ሆዷን ልትሠራ ገብታ አልወጣችም፣ ሐኪሙም በ2009 በቸልተኝነት ጥፋተኛ ተባለ።

ይህን ሁሉ አንብበሽ ሄድሽ ወይ? ሄድኩ። 9,500 ዶላር ጆሮ ይደፍናል።

አንድ ነገር ግን አድርጌያለሁ፣ እናንተም አድርጉ። የቱርክ ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የውጭ ታካሚ ለሚቀበሉ ሆስፒታሎች፣ ታካሚ ለሚያመጡ ወኪሎችም ጭምር፣ የጤና ቱሪዝም ፈቃድ ይሰጣል። ላኩልኝ አልኩ። የሆስፒታሉን ላኩልኝ። የራሳቸውን ስጠይቅ «ሲመጡ እናሳይዎታለን» ሆነ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ክሊኒክ ነው ብዬ የማዋራው ሐኪም የሌለው ቢሮ ነው። ሆስፒታሉ ሌላ፣ ሐኪሙ ሌላ፣ እነሱ መሀል ናቸው። እህቴ አዲስ አበባ ልብስ ትነግዳለች፣ የኢስታንቡልን የላለሊ ገበያ እንደ መርካቶ ነው የምታውቀው። የልጅቷን የድምፅ መልእክት ባሰማኋት ጊዜ ሳትጨርሰው «ይቺ ደላላ ናት» አለችኝ። ብቻሽን አልተውሽም ብላ ከአዲስ አበባ መጥታ ኤርፖርት ጠበቀችኝ፣ ቲኬቷን እኔ ከፈልኩ።

ሐኪሙን መጀመሪያ ያየሁት የኦፕራሲዮኑ ቀን ጠዋት ነው። ጋውን ለብሻለሁ፣ ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ማርከር ይዞ ሆዴ ላይ መስመር አሰመረ፣ ከአስተርጓሚዋ ጋር ተነጋገሩ፣ ከዚያ እሷ ዞር ብላ «የጎንሽን ስብ መጥጦ መቀመጫሽ ላይ ቢያደርገው ቅርጽሽ ያምራል፣ 1,500 ዩሮ ብቻ» አለችኝ። ቢቢኤል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የፕላስቲክ ሰርጀሪ ማኅበራት በጋራ ሲያስጠነቅቁ ሞቱ ከ3,000 ሰው እስከ አንድ ይደርሳል ያሉለት ኦፕራሲዮን! ስቡ ወደ ጡንቻው ከገባ ትልልቆቹን የደም ሥሮች ይዞ ሳንባ ይደርሳል። ይህን ለተራበና ራቁቱን ለቀረ ሰው፣ ማደንዘዣ ሊወጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ እንደ ተጨማሪ ክትፎ ነው የሚያቀርቡለት። እህቴ የገበያ ቱርክኛ ነው ያላት፣ ቁጥርና «ዮክ» ብቻ። «ዮክ! ዮክ!» አለች። እዚያ ላይ አበቃ።

አሁን ግን እውነቱን ላውራ፣ ሐኪሙ እጁ ወርቅ ነው። ስፌቱን እዚህ ያዩት ሁሉ ማን ሠራው ብለው ጠይቀውኛል። ሆስፒታሉ ንጹሕ፣ ነርሶቹ ደጎች። አንዷ በገባች ቁጥር «አብላ» ትለኛለች፣ እንደኛ «እትዬ» ማለት ነው፣ እየደገፈች ያራመደችኝም እሷ ናት። ኦፕራሲዮኑ በራሱ ያስቀየመኝ ነገር የለም።

ሆቴሉ ሌላ ዓለም ነው። ቁርስ ቤት ስትወርዱ አፍንጫው የታሸገ፣ ጭንቅላቱ በፋሻ የተጠመጠመ፣ እንደ እኔ ጎንበስ ብሎ ከነቱቦው የሚሄድ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ወይራ ፍሬ ይበላል። ከሆዴ የሚወጣው ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ሁለት ጠርሙስ በጎኔ ተንጠልጥሏል፣ እሱን መዝግቦ መድፋት የእህቴ ሥራ ሆነ። ነርስ ትመጣለች ተብዬ ነበር፣ በአምስት ቀን አንድ ጊዜ መጣች። እህቴ ከአዲስ አበባ የአጥሚት እህል ይዛ መጥታ ጠዋት ጠዋት በሆቴሉ የውኃ ማፍያ በጥብጣ እንደ አራስ አጠጣችኝ። እናቴም በስልክ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች። መሳቅ አልቻልኩም፣ ስፌቱ ይይዘኛል።

ጠቡ የመጣው በመመለሻው ነው። ቲኬቱን ያስቆረጡኝ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ላለው ስድስተኛ ቀን ነበር። ሲዲሲ ደግሞ ከሆድ ወይም ከደረት ኦፕራሲዮን በኋላ ቢያንስ 10 ቀን አትብረሩ ይላል። ከኢስታንቡል ዋሽንግተን አሥር ሰዓት በላይ መቀመጥ ነው፣ ኦፕራሲዮን በራሱ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፣ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ይጨምርበታል። ይህን ስላት ልጅቷ «ውዴ፣ ሁሉም በዚህ ቀን ነው የሚሄደው» አለችኝ። በገዛ ገንዘቤ ስድስት ሌሊት ጨመርኩ፣ ቲኬቱንም ከፍዬ አስለወጥኩ። ፓኬጅ ሲባል ሌሊቶቹን ቁጠሩ። ቁጥሩ ከሐኪም ሳይሆን ከሒሳብ ክፍል የመጣ ነው የሚመስለኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁ በዘጠነኛው ቀን ሆዴ ከታች በኩል እንደ ውኃ ፊኛ ማበጥ ጀመረ። ስጫነው ይንቦጫቦጫል። በዋትሳፕ ጻፍኩ። ያቺ በሁለት ደቂቃ የምትመልስ ልጅ በሦስተኛው ቀን «ኖርማል ነው ውዴ» ብላ የልብ ምልክት ላከችልኝ። አራት ክሊኒክ ደወልኩ። «ማን ነው የሠራሽ?» ይላሉ፣ ኢስታንቡል ስል ቀጠሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ተናደድኩባቸው፣ በኋላ ሳስበው ግን ሌላ ሰው የቆረጠውን፣ ወረቀቱ በቱርክኛ የሆነውን ሆድ ማን ኃላፊነት ይወስድበታል? ቅዳሜ ማታ ትኩሳት ሲጀምረኝ ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። ሴሮማ ነው አሉኝ፣ ቆዳው ሥር ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ከታሚ ታክ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ደግ ሐኪም ተገኝቶ በመርፌ ሁለት ጊዜ ቀዳልኝ፣ በጥሬ ገንዘብ።

ሒሳቡ እነሆ። ፓኬጁ 4,300። የእኔ ቲኬት 1,050፣ የእህቴ 720። ስድስቱ ሌሊት 510፣ ቲኬት ማስለወጫ 250። መድኃኒት፣ ምግብና ሁለተኛ የሆድ ማጥበቂያ ልብስ 280። ድንገተኛ ክፍሉ ኢንሹራንሴ የራሱን ከፍሎ ለእኔ የተረፈው 1,400። የመርፌው ሐኪም ሁለት ጊዜ፣ 700። ድምሩ 9,210 ዶላር። ከሥራ የቀረሁበትን አልቆጠርኩም፣ እዚህም ብሠራ መቅረቴ አይቀርም ነበር።

ስለዚህ 9,500 አተርፋለሁ ያልኩት 4,590 ሆነ። ኪሳራ አይደለም፣ አልዋሽም። ግን የሜሪላንዱን ወረቀት ሰሞኑን ከመሳቢያ አውጥቼ ሳየው ከታች በትንንሽ ፊደል አንድ መስመር አለ፣ ለአንድ ዓመት ክትትል ተጨማሪ ክፍያ የለውም ይላል። ሴሮማውን መቅዳት፣ ስፌቱን ማየት፣ ትኩሳት ሲይዘኝ ቅዳሜ ማታ የሚነሣ ስልክ፣ ያ ሁሉ እዚያች መስመር ውስጥ ነበር። እኔ ሁለት ኦፕራሲዮን አወዳድሬ ርካሹን የመረጥኩ መስሎኝ ነበር። ኢስታንቡል የሸጡልኝ ግን ኦፕራሲዮኑን ብቻ ነው፣ የቀረውን ከእህቴና ከድንገተኛ ክፍል ነው ያሟላሁት።

ለሐኪሙ ከ10 9 እሰጣለሁ። ለሆስፒታሉ 8፣ አንዱን ነጥብ ያስገኘችው አብላ የምትለኝ ነርስ ናት። ለደላሎቹ 2፣ እሱንም ሾፌሩ ሰዓት ስለሚያከብር። የሥራ ባልደረባዬ ቁጥራቸውን ስትጠይቀኝ የሐኪሙንና የሆስፒታሉን ስም ሰጠኋት፣ በቀጥታ ራስሽ ጻፊላቸው፣ ከመሄድሽ በፊት ከሐኪሙ ጋር በቪዲዮ አውሪ፣ ስትመለሺ የሚያይሽ ሐኪም እዚህ ካላገኘሽ ቲኬት አትቁረጪ አልኳት። እህት ከሌለሽ ደግሞ አትሂጂ።

ጠባሳው አሁን ስምንት ወር ሆኖታል። በግራ በኩል ቀጭን ክር ነው። በቀኝ ጫፉ ላይ ግን ወፈር ብሎ ማሳከክ ጀምሯል። የእኛ ቆዳ ኬሎይድ የሚሉትን ወፍራም ጠባሳ ይወዳል፣ ፎቶ ላኪ ሲሉኝ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። በየወሩ 40 ዶላር የሚሆን የሲሊኮን ፕላስተር እየገዛሁ እለጥፋለሁ። ይህን ሒሳቡ ውስጥ አላስገባሁትም።