ኪሮሽ ኦንላይን ለማስተማር፦ ዙም ላይቭ ወይስ ቴሌግራም ላይ የተቀዳ ቪዲዮ?

ግሩፕ ውስጥ በትንሽ ብር ኪሮሽ ለማስተማር ያሰባችሁ ሁሉ የምትጠይቁት ይሄንን ነው።

ዋጋ፦ ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣል፣ ከዛ ሌላ ሊንክ መላክ ነው። ቴሌግራም ላይ ግን እስከ 2 ጊጋ ፋይል በነፃ ይጫናል፣ ተማሪዋም ማታ ዳታ ሲረክስ ታወርደዋለች።

ኔትዎርክ፦ የተቀዳው ይሻላል፣ አቁመሽ መልሰሽ ታዪዋለሽ።

ስህተት ማረም፦ እዚህ ላይ ላይቭ በጣም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ጀማሪ ብዙ ጊዜ የረድፉን የመጨረሻ ቀዳዳ ትዘልና ስራው እየጠበበ ይሄድባታል፣ እሷ ጥፋቱ የክሩ ይመስላታል፣ አስተማሪዋ ግን እጇን ካሜራ ላይ ስታይ ወዲያው ታውቀዋለች።

ኪሮሽ ይዘው ለማያውቁና ጥቂት ለሆኑ ላይቭ፣ አረብ አገር ሰዓት ለማይመቻቸው እህቶቻችን ደግሞ የተቀዳው፣ ግን የሰሩትን ፎቶ አንስተው ይላኩና በቮይስ አርሙላቸው።