የቤት እባብ ወንድ ነው ሴት? ለገዢ የሚሆን የማወቂያ መንገዶች ንጽጽር

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እየተባለ ላደገ ወላጅ፣ ልጁ «ለልደቴ ቦል ፓይተን ግዛልኝ» ሲለው (ቤት ውስጥ የሚያሳድጉት የእባብ ዓይነት ነው) ነገሩ ቀላል አይደለም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሚኒያፖሊስ የተወለደ ልጅ ግን እባብን የሚያውቀው ጓደኛው ቤት፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። አንዳንዱ ወላጅ ተከራክሮ ተከራክሮ በመጨረሻ እጅ ይሰጣል። ሱቅ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ወንድ ነው ሴት? ሻጩስ በምን አወቀ?

የወንድ እባብ ብልት ሁለት ነው። ሁለቱም ጅራቱ ሥር፣ ወደ ውስጥ ተገልብጠው ይቀመጣሉ። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ ያሉት መንገዶች እነዚህ ናቸው፦ በዓይን መገመት፣ ጅራቱን ተጭኖ ብልቱን ብቅ ማድረግ፣ ቀጭን ዘንግ ማስገባት፣ ወይም እባቡ የጣለውን ቆዳ ለዲኤንኤ ምርመራ መላክ።

አቋሜን አልደብቅም። ለቤት ብቻ አንድ እባብ የምትገዙ ከሆነ፣ ዘንግ ገዝታችሁ ራሳችሁ አትሞክሩ። ወይ ሻጩ ፊታችሁ ያሳያችሁ፣ ወይ ቆዳውን እስኪጥል ጠብቁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ማወቁ ምን ያደርግላችኋል?

በቦል ፓይተን ዘንድ ትልቋ ሴቷ ናት። ወንዱ ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል። ሴቷ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ልትደርስ ትችላለች። ሰፋ ያለ ሳጥንና ተለቅ ያለ አይጥ ትፈልጋለች ማለት ነው። ወንዱ በበኩሉ የመራቢያ ወቅት ሲመጣ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ምግብ እምቢ ሊል ይችላል። አዲስ አሳዳጊ ይሄኔ ይደነግጣል። ክብደቱ እስካልወረደ ድረስ ግን ጤነኛ ነው።

ሴቷ ያለ ወንድም እንቁላል ልትጥል ትችላለች። በተለይ ኮርን ስኔክ በሚባለው ሌላ የቤት እባብ ይህ የተለመደ ነው። እንቁላሉ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ጣጣው ሆዷ ውስጥ ሲቀር ነው። ያኔ ሐኪም ያስፈልጋል፤ ሂሳቡም ከእባቧ ዋጋ ይበልጣል። በ2020 በሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት የምትኖር ከ60 ዓመት በላይ የሆናት ቦል ፓይተን 7 እንቁላል ጥላ ዓለምን አስገርማለች። ቢያንስ ለ15 ዓመት ወንድ አጠገቧ አልደረሰም ነበር።

ዋጋም ይለያያል። አርቢዎች ለአንድ ወንድ ብዙ ሴቶች ስለሚፈልጉ፣ ተመሳሳይ ቀለም ካላቸው ሴቷ ብዙ ጊዜ ትወደዳለች። ለቤት ብቻ ከሆነ ወንድ ግዙ ወይም ጾታው ያልታወቀውን በርካሽ ውሰዱ እላለሁ። ልታራቡ ከሆነ ግን ግምት አይሠራም።

ማስታወቂያ ስታነቡ ቁጥሮቹን ልብ በሉ። 1.0 ማለት አንድ ወንድ ነው። 0.1 አንድ ሴት። 0.0.1 ደግሞ ጾታው አልታወቀም ማለት ነው። ሦስተኛውን ጽፎ የሚሸጥ ሰው፣ ሳያጣራ «ሴት ናት» ብሎ ዋጋ ከሚጨምረው ይሻላል።

በዓይን መገመት

ነፃ ነው፣ እባቡንም አይጎዳም። ጥቅሙ እዚህ ላይ ያበቃል። የወንዱ ጅራት ረዘም ይላል፤ ሥሩ ላይ ወፈር ብሎ ቀስ እያለ ይቀጥናል። የሴቷ አጠር ብሎ ቶሎ ይሾላል። ይህን ለማየት ግን ዝርያቸውና መጠናቸው አንድ የሆነ ሁለት እባቦችን ጎን ለጎን ማስተያየት ያስፈልጋል። ሱቅ ውስጥ አንድ ብቻ ይዞ «ጅራቷን አየሁት» የሚል ሻጭ እየገመተ ነው።

ቦአና ፓይተን የሚባሉት እባቦች ከሰገራ መውጫቸው ግራና ቀኝ ጥፍር የምታህል ነገር አላቸው፤ የጥንት የኋላ እግር ቅሪት ናት። በወንድ ቦአ ላይ ተለቅ ትላለች፤ ሴቷን ሲያባብል ይዳስስባታል። በቦል ፓይተን ላይ ግን በዚህ አትፍረዱ፤ ልዩነቱ አስተማማኝ አይደለም።

መጫን ወይስ ዘንግ?

ዋናው ንጽጽር እዚህ ነው፤ ጉዳት የሚደርሰውም እዚህ ነው።

መጫን የሚሠራው ገና በተፈለፈለ እባብ ላይ ነው። አርቢው በአውራ ጣቱ ጅራቱን ከሥሩ ቀስ ብሎ ይገፋዋል። ወንድ ከሆነ ሁለት ቀያይ ነገሮች ብቅ ይላሉ። መሣሪያ አይፈልግም፤ በሰከንዶች ያልቃል። ለወንዱማ እዳው ገብስ ነው፤ ከወጣ ወጣ። ችግሩ ካልወጣ ነው። ጠንከር ያለ ትንሽ ወንድ ጡንቻውን አጥብቆ ይይዝና «ሴት» ተብሎ ይሸጣል። ጣቱን የለመደ አርቢ ይህን ያውቃል፤ ደግሞ ያያል። ያልለመደ ሰው ግን ይበልጥ ይጫናል፤ ያኔ ጅራቱ ውስጥ ያለው ሥጋና አከርካሪው ይጎዳል። ያደገ እባብ ላይ በፍጹም አይሞከርም።

ዘንጉ ፕሮብ ይባላል። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ፣ የማይዝግ ብረት ነው። በተለያየ ውፍረት በስብስብ ይሸጣል፤ ከጥቂት አስር ዶላር አይበልጥም። ርካሽነቱ ነው ሰውን የሚያታልለው።

የለመደ ሰው ሲሠራ ብታዩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው እባቡን አረጋግቶ ይይዛል። ሌላው ጅራቱን ገልብጦ በግራ እጁ ይደግፋል። ከእባቡ መጠን ጋር የሚሄደውን፣ በፀረ ተህዋሲያን የጸዳውን ዘንግ ያነሳል። በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ይቀባዋል። ከመውጫው ጠርዝ፣ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ጎን፣ ወደ ጅራቱ ጫፍ አቅጣጫ እንዲሁ እንዲንሸራተት ይተወዋል። አይገፋም። ዘንጉ ሲቆም መውጫው ጋ በአውራ ጣቱ ምልክት ይይዛል። ያወጣውና ከጅራቱ በታች አስተኝቶ ቅርፊት ይቆጥራል። በቦል ፓይተን ከ2 እስከ 4 ቅርፊት ብቻ ከገባ ሴት ናት። ከ6 በላይ ከሄደ ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። ከዚያ በሌላኛው ጎን ይደግመዋል።

ጥልቀቱ በየዝርያው ይለያያል። ለቦል ፓይተን የተጻፈውን ቁጥር ለሌላ ዝርያ መጠቀም ስህተት ነው።

አሁን ስህተቱ የት እንደሚመጣ እዩ። ወንዱ ከተኮማተረ ዘንጉ አጭር ላይ ይቆማል፤ «ሴት» ይባላል። ሰውዬው ከገፋ ደግሞ የሴቷን ትንሽ ኪስ በስቶ ጠልቆ ይገባል፤ «ወንድ» ይባላል። ሁለተኛው የጤና አደጋም ነው፤ ደም፣ እብጠት፣ ኢንፌክሽን ያመጣል። ለመራቢያ የተገዛች ሴት በዚህ ልትበላሽ ትችላለች።

መቼስ የሴት እባብ አካል ለረጅም ጊዜ ማንም ትኩረት ያልሰጠው ነገር ነው። ሴት እባቦችም የራሳቸው ሁለት ቂንጥር እንዳላቸው በአግባቡ ተመርምሮ የታተመው በ2022 ነው፤ የአውስትራሊያው የአደሌድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው ያሳዩት። ከዚያ በፊት ከሽታ ዕጢ ጋር ይምታታ ነበር።

ስለዚህ ከሁለቱ የቱ? ገና ለተፈለፈለ፣ አርቢው ራሱ የሚጫን ከሆነ መጫን ይበቃል። ላደገ እባብ፣ በለመደ እጅ ዘንግ። እናንተ ቤት፣ ቪዲዮ እያያችሁ፣ ሁለቱም አይሆኑም።

የጣለው ቆዳ

ከሁሉም ደህናው ይህ ነው። እባቡ አይነካም። ቆዳውን ሲጥል ትሰበስቡና ለላብራቶሪ በፖስታ ትልካላችሁ። እያደገ ያለ እባብ በየወር ከምናምኑ ስለሚጥል ረጅም መጠበቅ የለውም።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን «የኔን ዝርያ ትመረምራላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱ ወዲህ ነው። ለብዙ ዘመን የእባብ ሁሉ ጾታ የሚወሰነው እንደ ዶሮ በዜድና በደብልዩ ክሮሞዞም ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ2017 ግን ቦአና ፓይተን እንደ ሰው ኤክስና ዋይ እንዳላቸው ታወቀ። እንደ ኮርን ስኔክ ባሉት፣ በዜድና በደብልዩዎቹ፣ የተለየውን ክሮሞዞም የያዘችው ሴቷ ናት፤ በኤክስና በዋዮቹ ወንዱ ነው። ለኮርን ስኔክ የተዘጋጀ ምርመራ ለቦል ፓይተን አይሠራም።

አርቢዎች ይህን ሳያውቁት በሥራ ላይ ያዩት ነበር። ባናና የሚባለው ቢጫ ቀለም ያለው ቦል ፓይተን ዘረመሉ ጾታ በሚወስነው ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው። ቀለሙን ከአባቱ የወሰደ ወንድ ባናና፣ ባናና ልጆቹ በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ከእናቱ ከወሰደ ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ይወለዱለታል። ባናና የምትገዙ ከሆነ የአባቱን ዘር ጠይቁ፤ ጥሩ ፍንጭ ነው። ማረጋገጫ ግን አይደለም፤ አልፎ አልፎ ይገለበጣል።

ቆዳውን ስትልኩ በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ከሆነ ይሻግታል። ላስቲክ ሳይሆን የወረቀት ፖስታ ተጠቀሙ። ሁለት እባብ አንድ ሳጥን ውስጥ ከነበሩ የማን ቆዳ እንደሆነ አይታወቅም፤ አትላኩ።

ሐኪም ዘንድ መሄድስ? የእባብ ሐኪም ካገኛችሁ ዘንጉን በንጽህና ይሠራዋል፤ ያደገች ሴት ከሆነች በአልትራሳውንድ እንቁላሏን ሊያይ ይችላል። ለጾታ ብቻ ብሎ መሄድ ግን ውድ ነው። ለሌላ ምርመራ ስትሄዱ አብራችሁ አስደርጉ።

ሱቅ ውስጥ

«በምን አወቅህ? ማን ሠራው? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ገና ሲፈለፈል ተጫንኩት» ካለ ደህና መልስ ነው። «ሳየው ሴት ይመስለኛል» ካለ የሴት ዋጋ አትክፈሉ። ለመራቢያ ከሆነ ጾታው ስህተት ቢሆን እንደሚለውጥ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ፊታችሁ በዘንግ ላሳያችሁ ካለ እጁን እዩ። ዘንጉን ሳያጸዳ ከአንዱ እባብ ወደ ሌላው ካሸጋገረ ትታችሁ ውጡ።

ቤት ከወሰዳችሁት በኋላ ከጅራቱ ሥር ደም ወይም እብጠት ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዱት። እባቡን በነካችሁ ቁጥር እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ እባቦች ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይይዛሉ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ከ5 ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት ተሳቢ እንስሳ እንዳይኖር ይመክራል። ታላቁ ልጅ እባብ የጠየቀው ታናሹ ገና እየዳኸ ከሆነ፣ ወንድ ነው ሴት የሚለውን ትታችሁ ግዢውን ራሱን ለጥቂት ዓመት አቆዩት።