«አብሽር» ላለኝ የደሴ ልጅ

ሪያድ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። እናቴ ቀዶ ሕክምና ስለነበረባት የዘጠና ቀን የመውጫና የመመለሻ ቪዛ ተሠርቶልኝ ሐምሌ 20 ወደ ደሴ መጣሁ። ቁስሏ ግን ቶሎ አልደርቅ አለ፤ ቀኑ ደግሞ ቁስል አይጠብቅም።

እንዲራዘምልኝ ያላንኳኳሁት በር የለም። አንዱ ደላላ «በኤምባሲ በኩል አስጨርስልሻለሁ» ብሎ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ከተቀበለኝ በኋላ ስልኩን ዘጋ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ የገባሁበት ሌላ ቢሮ ደግሞ ወረቀቴን በቅጡ ሳያይ «ገና ጊዜ አለሽ» ብሎ ሸኘኝ፤ ለዚህችም አስከፍሎኛል። ስማቸውን አልጠራም፣ ለአላህ ሰጥቻቸዋለሁ። ያ ብር ግን የሰው ቤት ተጠርጎ የተገኘ ነው።

ጥቅምት 11 ጎረቤታችን እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አረብኛ ወደሚተረጉም ልጅ ወሰደችኝ። ክፍሏ ከአንድ ጠረጴዛና ከአንድ ኮምፒውተር ሌላ አትይዝም። ልጁ በእርሳስ ቀኖቹን እየደረደረ ቆጠረ፣ ቆጠረና ድንገት እጁን አቆመ።

«እህቴ፣ ጳጉሜንን ቆጥረሻታል?»

አልቆጠርኳትም! ሦስት ወር ብዬ ጥቅምት 20ን ነበር የያዝኩት፤ ትኬቴም ለ18 ተቆርጧል። ቪዛው የሚያውቀው ግን ቀን እንጂ የእኛን ወር አይደለም። በአምስቷ የጳጉሜን ቀናት ምክንያት ዘጠናው የሚሞላው ጥቅምት 15 ኖሯል። በጦሳ ተራራ ብርድ ላብ አጠመቀኝ።

እሱ ግን «አብሽር» አለ። ያጽናናኝ መስሎኝ፣ ለሴት «አብሽሪ» እንደሚባል እንኳ አያውቅም ብዬ በልቤ ታዘብኩት። ለካስ የሳዑዲ መንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት ስሙ አብሽር ነው! ቪዛውን የምታራዝመው አሠሪዬ ናት፤ ያውም ከቤቷ ሳትወጣ በስልኳ። ደላላው ከጅምሩ የሚያስጨርሰው ነገር አልነበረውም።

እኔ አረብኛ አላጣም፤ ነገር ግን የወጥ ቤት አረብኛ ነው። ልጁ የእናቴን የሐኪም ወረቀት ተርጉሞ፣ ለአሠሪዬ ክብሯን የጠበቀ ደብዳቤ ጽፎ በዋትሳፕ አስላከኝ። ከዚያ ወዲያ ምኑ በምን እንደተሞላ አልገባኝም፤ እሱ በየቀኑ እየደወለ ይህን በያት፣ ያንን ላኪላት ይለኝ ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ሊቃጠል አንድ ቀን ሲቀረው፣ የታተመውን ወረቀት ይዞ እቤታችን ድረስ መጣ። እናቴ ከአልጋዋ ሳትነሳ «ዕድሜህ እንደ ቪዛዋ ይራዘም» ብላ መረቀችው። «እማማ፣ የእሷ እኮ የተራዘመው አንድ ወር ብቻ ነው!» ቁስሏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ከሐምሌ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ለዚህ ሁሉ የተቀበለኝ ሦስት መቶ ብር ነው። ጨምሬ ብሰጠው መለሰልኝ።

ከአረብ አገር ለእረፍት የመጣችሁ እህቶቼ፣ ለደላላ ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀታችሁን ለዚህ ልጅ አሳዩት። እባካችሁ አሳዩት! ኮምቦልቻ ያላችሁም ብትሆኑ የታክሲ ዋጋ አይቆጫችሁም። ቦታውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እነግራለሁ፤ እስከ ኅዳር 10 ደሴ ነኝ።