ሁለት ግራ እጀታና አንድ ጎበዝ መካኒክ

ከጀርመን ባሕር ዳር በመጣሁ ቁጥር ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነው። ሆቴሉ እንዴት ነው? ጀልባውስ? እኔ ሆቴል አላድርም፤ የማርፈው ሽምብጥ፣ እናቴ ቤት ነው። ጀልባውንም በልጅነቴ ጠግቤዋለሁ። ዘንድሮ ከሁሉ በላይ የተገለገልኩት ሞተር ሠሪ ጋ ነው። ስለዚህ የምመሰክረውም ስለ እሱ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሞተር ሳይክሉን "እስክትሄድ ንዳው" ብሎ ሰጠኝ። ደግ ልጅ ነው። ሞተሩ ግን ደግ አልነበረም። በግራ በኩል ያለው የመሪው እጀታ ላስቲክ ተበልቶ አልቋል። ከላዩ የብስክሌት ከመነዳሪ ተጠቅልሎበታል። የቀኙ ደግሞ ይንሸራተታል። የቤዛዊትን ኮረብታ ስወጣ ነዳጅ ልሰጥ እጄን አዞርኩ። ላስቲኩ ብቻውን ዞረ፤ ሞተሩ ዝም። ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ክላክሱን አምባረቀብኝ።

"ይሄን እንዴት ነው የምትነዳው?" አልኩት ማታ።

"ለምጄዋለሁ፣ ወንድም ጋሼ።"

ሰው የማይለምደው የለም።

በማግስቱ መለዋወጫ መደብር ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ሻጩ ወንበር አቀረበልኝ፣ በፕላስቲክ የታሸገ ጥንድ እጀታ ሰጠኝ፣ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ስፈታው ሁለቱም ጠባብ ናቸው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ የሞተር እጀታ እንደ ጫማ ነው፣ ግራና ቀኝ አለው። ግራው በቀጥታ የመሪው ቧንቧ ላይ ነው የሚገባው። የቧንቧው ውፍረት በአብዛኞቹ ሞተሮች 22 ሚሊ ሜትር ነው። ቀኙ ግን ነዳጅ ለመስጠት የሚዞረውን የፕላስቲክ ቱቦ ስለሚለብስ ቀዳዳው ሰፋ ይላል፣ ወደ 25 ሚሊ ሜትር። ለእኔ የተሸጠልኝ ሁለት ግራ ነው።

መለስኩለት። ግድግዳው ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ተለጥፏል። "ማሸጊያው ተከፍቷል" አለኝ። ሳልከፍተው በምን ልወቅ? መልስ የለም። ቀኙን ብቻ ለብቻው የሚሸጥ ስላጣሁ ሌላ ሱቅ ሄጄ ሌላ ጥንድ ገዛሁ። ለመጀመሪያው መደብር ከ5 ኮከብ 1 ሰጥቻለሁ። እሱም ለወንበሩ ነው።

መካኒኩ አንድ ጎሚስታ አጠገብ፣ ዛፍ ጥላ ሥር የሚሠራ ወጣት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ይምጡ ብሎኝ ራሱ 4 ሰዓት ተኩል መጣ። ይሄን አልረሳለትም። ግን ሥራውን ሳይነካ ዋጋውን ነገረኝ። "የፈለጉትን ይስጡኝ" የምትባል ነገር አለች፤ ከውጭ የመጣን ሰው የምትበላ። እሱ አላላትም።

የግራውን አሮጌ ላስቲክ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀና ላጠው። የቀኙን አልቀደደም። ምላጩ ከሥር ያለውን ፕላስቲክ ይጎዳል አለኝ። ቀጭን ካቻቢቴ በላስቲኩ ከንፈር አስገባ፣ የጎሚስታውን ኮምፕረሰር አፍ ደቀነበት፣ ነፋው። ላስቲኩ እንደ ፊኛ ተነፋና እንደ ካልሲ ወለቀ። ውስጡ በዘይት ተለውሷል። ለካ በፊት የገጠመው ሰው በቀላሉ እንዲገባለት ዘይት ቀብቶት ኖሯል። ዘይት ያስገባል፣ ግን አይደርቅም። ቤዛዊት ላይ ያዋረደኝ እሱ ነው።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ። ከዚያ ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል አመጣ። አዲሱ ላስቲክ ውስጥ ትንሽ ጠብ አድርጎ በአንድ ግፊት አስገባው። አልኮል ሲገባ ያንሸራትታል፣ ቆይቶ ይተንና ላስቲኩ ይነክሳል። "አረቄስ አይሆንም?" አልኩት። "ይሆናል፤ ግን ያሳዝናል" አለኝ። ማስቲሽ የቀባው ግራው ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ስስ። በቀኝ በኩል ማስቲሽ ወደ ውስጥ ከፈሰሰ ነዳጅ መስጫው ይጣበቃል። ቀኙን ሲገጥም ላስቲኩ ከማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ጋር እንዳይፋተግ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተወለት።

አለቀ ብዬ ገንዘብ ሳወጣ "ቆይ፣ ጋሼ" አለኝ። ነዳጅ ሰጥቶ ለቀቀው። ጠቅ ብሎ ተመለሰ። ሞተሩን በሚኒሞ፣ ማለት ነዳጅ ሳይሰጠው፣ አስነስቶ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ቀኝ አዞረ። ደህና። ወደ ግራ ሲያዞረው ሞተሩ ማንም ሳይነካው ጮኸ። የነዳጁ ካቦ በተሳሳተ መንገድ አልፎ፣ መሪው ሲዞር ይወጠራል። አስቡት፤ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ፍጥነት ልትቀንሱ ስትሉ ሞተሩ በራሱ ሲጨምር። የታሰረበትን ፈታ፣ ካቦውን በትክክለኛው መንገድ አሳለፈው፣ ደግሞ ሞከረው። ለዚህ ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቀም። እኔ ላስቲክ ልቀይር ሄጄ ወንድሜን ያተረፍኩት ይመስለኛል።

"እስከ ነገ አይንዱት፣ ይድረቅ" አለኝ። ሐይቁ ዳር ዓሳ ቀጠሮ ነበረኝ። በባጃጅ ሄድኩ። ሾፌሩ የጫማዬን ንጽሕና አይቶ ዋጋ ሰቀለብኝ፣ አፌን ስከፍት አወረደው። ዓሳው ለብለብ ነበር፣ ጥሩ፣ ግን አንድ ሰዓት አስጠበቀን። ሒሳቡ ከመካኒኩ ሥራ በለጠ። ብዙ አልልም።

በማግስቱ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ አለፍኩ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው ነው። እጀታው ንቅንቅ አላለም። ለመካኒኩ ከ5 ኮከብ 4 ተኩል፤ ግማሿ የመዘግየቱ ናት።

ሁለት ትርፍ ግራ እጀታ ቀረኝ። አንዱን ወንድሜ ለክፉ ቀን ብሎ ወሰደው። ሌላውን እናቴ ምርኩዟን አምጥታ ለካችው፤ ልክ ሆነ። በአልኮል አስገባሁላት።

"እማዬ፣ እስከ ነገ እንዳትይዢው፣ ይድረቅ።"

"እና እስከ ነገ በምን ልቁም?" አለችኝ።