የካርቦን ዳይኦክሳይድን ጉዞ ለመከታተል፦ የምድር ጣቢያ ወይስ ሳተላይት?

በሃዋይ፣ በማውና ሎዋ ተራራ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው ጣቢያ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አየሩን በቀጥታ እየሳበ በውስጡ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለካ፣ ቀንና ሌሊት ሳይለይ እጅግ ትክክለኛ ውጤት ይሰጣል፤ የሚመሰክረው ግን ነፋስ ስላመጣለት አየር ብቻ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው የናሳ ኦሲኦ-2 ሳተላይት በበኩሏ ከምድር የሚንጸባረቀውን የፀሐይ ብርሃን መርምራ፣ ከመሬት እስከ ከባቢ አየር ጫፍ ያለውን አማካይ መጠን ታሰላለች፤ በየ16 ቀኑም ወደ ቀድሞ መስመሯ ትመለሳለች። ደመናና ጨለማ ስለሚጋርዷት ግን እንደ ኮንጎ ተፋሰስ ባሉ፣ የምድር ጣቢያም እምብዛም በሌላቸው አካባቢዎች መረጃዋ ይሳሳል። የጋዙን መነሻ ለማወቅ ሁለቱም የነፋስ ሞዴል (የአየርን ጉዞ በኮምፒውተር የሚያሰላ ስልት) ያስፈልጋቸዋል። በእኔ ግምት ለረጅም ዘመን አዝማሚያ ጣቢያው፣ በክልሎች መካከል ላለው ዝውውር ደግሞ ሳተላይቷ ትመረጣለች፤ የእርሷም ስሌት ቢሆን የሚታረመው በምድር ላይ በሚደረግ ልኬት ነው።